በምርጫ ገብቶ ምርጫን የዘጋ፦ አሌክሳንደር ሉካሼንኮ እና የ1996ቱ ኖቬምበር

ስለ አምባገነን መሪ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ታንክ ነው። ሌሊት ሬዲዮ ጣቢያ የሚይዝ መኮንን፣ ጠዋት የሚነበብ መግለጫ። የቤላሩሱ አሌክሳንደር ሉካሼንኮ ግን እንዲህ አልመጣም። በ1994 ሕዝቡ ተሰልፎ መረጠው። ያ ምርጫ እስከ ዛሬ የአገሪቱ ብቸኛ ነጻ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ አሸነፈ ተብሎ ታውጇል። አንዱም ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

በመሃል ምን ሆነ? ብዙ ሰው ሉካሼንኮን ያወቀው በ2020 አደባባይ ላይ በወረደው ዱላ ነው። እኔ ግን ነገሩ ያለቀው ከዚያ በፊት፣ በ1996 ኖቬምበር ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የምቆየው እዚያ ላይ ነው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመንግሥት እርሻ ወደ ፓርላማ

ሉካሼንኮ በ1954 ኮፒስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። እናቱ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ሞጊሌቭ ላይ ታሪክ ተማረ፤ በድንበር ጠባቂ ጦር ውስጥ አገለገለ፤ በኋላ ደግሞ የእርሻ ትምህርት ጨመረበት። በ1987 ሽክሎቭ ወረዳ ውስጥ ጎሮዴትስ የተባለ የመንግሥት እርሻ ዳይሬክተር ሆነ። የሚንስክ ሰው አልነበረም። ከኮሚኒስት ፓርቲው ላይኛ ሰዎችም አልነበረም። በ1990 ግን የጠቅላይ ሶቪየት፣ ማለትም የቤላሩስ ፓርላማ፣ አባል ሆነ።

ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች። የቤላሩስ ፋብሪካዎች ለመላው ኅብረቱ ትራክተር፣ ከባድ መኪናና ፍሪጅ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። ገበያው በአንድ ጊዜ ጠፋ። በ1994 የዋጋ ንረቱ ከ2,000 በመቶ በላይ ነበር። ጡረተኛ የዓመታት ቁጠባው ዓይኑ እያየ አለቀበት።

ተራው ሰው «ማን ዘረፈን?» እያለ ሲጠይቅ ሉካሼንኮ መልስ ይዞ መጣ። በ1993 ሙስናን የሚመረምር የፓርላማ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆነ። በዲሴምበር ሪፖርቱን ሲያቀርብ ከላይ እስከ ታች ማንንም አልማረም። የአገሪቱ መሪ በነበረው በአፈ ጉባኤው በስታኒስላቭ ሹሽኬቪች ላይ የቀረበው ክስ ለግል ቤቱ ስለወሰደው የግንባታ ዕቃ ነበር። ቤላሩሳውያን ዛሬም «የምስማሩ ሳጥን» እያሉ ያስታውሱታል። ክሱ ቀላል ነበር፤ ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ። በጃንዋሪ 1994 ፓርላማው ሹሽኬቪችን አወረደ።

በማርች አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። የፕሬዝዳንትነት ሥልጣን ተፈጠረ። የሥልጣን ዘመኑ አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቪያቼስላቭ ኬቢች ወንበሩ የሱ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበር። የመንግሥት መዋቅሩ በእጁ ነው፣ ከሞስኮም ድጋፍ አለው። ሉካሼንኮ ደግሞ ዙሪያውን ጥቂት ወጣት የፓርላማ አባላት ይዞ ነበር። ከነዚህ አንዱ ቪክቶር ጎንቻር የሚባል የሕግ ሰው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

በመጀመሪያው ዙር ሉካሼንኮ ወደ 45 በመቶ አገኘ። ኬቢች 17 አካባቢ ቀረ። ሹሽኬቪች 10 በመቶ እንኳ አልሞላለትም። በጁላይ 10 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ሉካሼንኮ ከ80 በመቶ በላይ ጠራርጎ ወሰደ። በሥልጣን ላይ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሚዲያውንና አስተዳደሩን ይዞ፣ በአንድ የእርሻ ዳይሬክተር ተሸነፈ። ድምፁም በትክክል ተቆጠረ። ይህ መሆን የቻለው የምርጫው ቆጣሪ ገለልተኛ ስለነበረ ነው። ተጠቃሚው ሉካሼንኮ ራሱ ነበር። የገለልተኛ ቆጣሪን ጉልበት ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራ

በሜይ 1995 የመጀመሪያው ሕዝበ ውሳኔ መጣ። አራት ጥያቄዎች ነበሩት። የሩሲያ ቋንቋ ከቤላሩስኛ እኩል ይሁን? ሰንደቅ ዓላማው ይቀየር? ከሩሲያ ጋር ኢኮኖሚያዊ ውህደት ይደረግ? ፕሬዝዳንቱ ፓርላማን መበተን ይቻለው? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሕዝቡን በናፍቆት የሚይዙ ናቸው። አራተኛው ነው ዋናው።

ከሕዝበ ውሳኔው በፊት፣ በኤፕሪል፣ 19 የተቃዋሚ ፓርላማ አባላት አዳራሹ ውስጥ የረሃብ አድማ መቱ። ሌሊት የጸጥታ ኃይሎች ገብተው ደብድበው አወጧቸው። የሕዝብ ተወካይ በገዛ ምክር ቤቱ ውስጥ ተደበደበ፤ የተጠየቀ ሰው የለም። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የሆነው ሰንደቅ ወርዶ የሶቪየቱን ዘመን የሚመስለው ቀይና አረንጓዴ ተሰቀለ። አራቱም ጥያቄዎች አለፉ።

ያ ኖቬምበር

በ1996 ሉካሼንኮ ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ አዘጋጀ። ሕገ መንግሥቱን አሻሽላለሁ አለ። ረቂቁ ግን ማሻሻያ ሳይሆን ሌላ ሕገ መንግሥት ነበር። ፓርላማው የራሱን ተቃራኒ ረቂቅ አቀረበ። በሁለቱ መካከል የነበረው ፍጥጫ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተካረረ።

ኖቬምበር 4 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሰጠ። ሕገ መንግሥትን የሚለውጥ ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ ቢቀርብም ምክር ብቻ ነው፣ አስገዳጅ ሊሆን አይችልም አለ። ፕሬዝዳንቱ በሦስት ቀን ውስጥ ድንጋጌ አወጣ፦ አስገዳጅ ነው። ፍርድ ቤቱ ሕጉን ተረጎመ፣ ፕሬዝዳንቱ በወረቀት ሻረው። በዚያ ሳምንት ቤላሩስ ውስጥ ሕግ ማለት ማን እንደሆነ ጥያቄው የተነሳው በግልጽ ነው።

ቀጥሎ የምርጫ ኮሚሽኑ ተራ መጣ። ሰብሳቢው ቪክቶር ጎንቻር ነበር፤ በ1994 ሉካሼንኮን ለሥልጣን ያበቃው ያ የሕግ ሰው። ከቀኑ ቀድሞ የሚሰጥ ድምፅ ተጀምሯል፤ ሥነ ሥርዓቱ ግን ከሕግ ውጭ እየሄደ ነው። ጎንቻር እንዲህ ባለ አካሄድ የመጣ ውጤት ላይ አልፈርምም አለ። ኖቬምበር 14 ሉካሼንኮ ከሥራው አነሳው። በሕጉ መሠረት ሰብሳቢውን የሚያነሳው ፓርላማው ብቻ ነው። ይህ አላስቆመውም። የታጠቁ ሰዎች ወደ ቢሮው ሄደው ጎንቻርን አስወጡት። በቦታው ሊዲያ የርሞሺና ተቀመጠች። እሷ ከዚያ ወንበር የተነሳችው በ2021 መጨረሻ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የቤላሩስን ድምፅ የቆጠረችው እሷ ናት።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚካይል ቺጊር ሕዝበ ውሳኔው ይሰረዝ ብሎ ለመነ። ሰሚ ሲያጣ ሥራውን ለቀቀ። ከ70 በላይ የፓርላማ አባላት ፕሬዝዳንቱ ከሥልጣን እንዲወርድ ክስ ፈርመው ለሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ አስገቡ። እስቲ አስቡት፦ ፍርድ ቤቱ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ፓርላማው በአንድ ወር ውስጥ አይሆንም ብለዋል። ሉካሼንኮ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የመውደቅ ዕድሉ እንዲህ የቀረበበት ጊዜ የለም ብዬ አምናለሁ።

ያኔ ሞስኮ ደረሰች። ከሕዝበ ውሳኔው ሦስት ቀን ሲቀር የሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ቼርኖሚርዲን ከሁለቱ የሩሲያ ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎች ጋር ሚንስክ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ተደራደሩ። ሊነጋጋ ሲል ሉካሼንኮና የቤላሩስ ፓርላማ አፈ ጉባኤው ሴምዮን ሻሬትስኪ ፈረሙ። ስምምነቱ ፍትሐዊ ይመስላል፦ ሕዝበ ውሳኔው ምክር ብቻ ይሁን፣ ፓርላማውም ክሱን ይተው።

ስምምነቱ ግን ፓርላማው ውስጥ ሲደርስ ሳይጸድቅ ቀረ። ከተቃዋሚው ወገን ያልተስማማ ነበር፤ የፕሬዝዳንቱ ደጋፊዎችም ድምፃቸውን ነፈጉት። ሉካሼንኮ ይህንን ሰበብ አድርጎ፣ ስምምነቱ ፈርሷል፣ ሕዝበ ውሳኔው አስገዳጅ ነው አለ። በዚያች አንድ ሌሊት የክሱ ፍጥነት ተሰበረ። ዳኞቹ ፈሩ፣ ፈራሚዎቹ ተከፋፈሉ። ኖቬምበር 24 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ። 70 በመቶ ደገፈ ተባለ። በቀናት ውስጥ ክሱን ከፈረሙት አንዳንዶቹ ፊርማቸውን አነሱ፤ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋ።

በ1995 የተመረጠው ፓርላማ እንደሌለ ተቆጠረ። ከአባላቱ ውስጥ ለፕሬዝዳንቱ የታመኑት ተለቅመው የአዲሱ የታችኛው ምክር ቤት 110 ወንበር ተሰጣቸው። የተቀሩት ሕንጻቸው ተዘጋባቸው። በዚያው ወር የመጨረሻዎቹ የሶቪየት ኑክሌር ሚሳኤሎች ከቤላሩስ ወደ ሩሲያ ሄዱ። የምዕራቡ ዓለም ዓይን በአብዛኛው እዚያ ላይ እንደነበረ ይሰማኛል።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፕሬዝዳንቱ ከ12 የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ዳኞች ስድስቱን፣ ከ12 የምርጫ ኮሚሽን አባላትም ስድስቱን ራሱ ይሾም ነበር። የቀሩትን የሚመርጠው የላይኛው ምክር ቤት ደግሞ በሱ ተጽዕኖ ሥር ነበር። ሁለተኛ፣ የፕሬዝዳንቱ ድንጋጌ የሕግ ጉልበት ነበረው። ሦስተኛው ብልጠት ያለበት ነው። የሥልጣን ዘመኑ ከ1996 ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል ተባለ። በ1999 ማለቅ የነበረበት አምስት ዓመት ወደ 2001 ተገፋ።

ከሱ ጋር የመጡት ሰዎች

ተቃዋሚዎቹ በ1994ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ዘመኑ በ1999 ያልቃል ብለው ያዙ። ጎንቻር በሜይ 1999 የራሳቸውን ምርጫ አደራጀ። የምርጫ ሳጥን ቤት ለቤት የዞረበት ምርጫ ነበር። ዕጩ የነበረው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቺጊር ታሰረ።

በሜይ 7 ዩሪ ዛካሬንኮ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጠፋ። ዛካሬንኮ የሉካሼንኮ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ፣ በኋላ ወደ ተቃዋሚ የሄደ ሰው ነው። በሴፕቴምበር 16 ራሱ ጎንቻር ከነጋዴ ጓደኛው አናቶሊ ክራሶቭስኪ ጋር ጠፋ። በጁላይ 2000 ደግሞ የፕሬዝዳንቱ የግል ካሜራ ባለሙያ የነበረው ጋዜጠኛ ዲሚትሪ ዛቫድስኪ ጠፋ። የአራቱም አስከሬን እስካሁን አልተገኘም። በ2004 የአውሮፓ ምክር ቤት ፓርላማ ያስመረመረው ሪፖርት፣ እውነቱን ለመሸፈን በመንግሥት ከፍተኛ ደረጃ እርምጃ ተወስዷል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ከአራቱ ሦስቱ አንድ ጊዜ በቅርቡ የሠሩ፣ ከውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። ቤተሰቦቻቸው መቃብር እንኳ የላቸውም።

ሕዝቡ ለምን ዝም አለ?

በፍርሃት ብቻ ነው ማለት እውነቱን መቁረጥ ይሆናል። ሉካሼንኮ ደጋፊ ነበረው፣ ለረጅም ጊዜ። ሩሲያና ዩክሬን ውስጥ ፋብሪካ በጥቂት ሀብታሞች እጅ ሲገባ፣ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ሲቀር፣ ቤላሩስ ውስጥ ጡረታ በወቅቱ ይደርስ ነበር። የጋራ እርሻዎቹ አልተበተኑም። መንገዱ ጽዱ ነው፣ ሥራ አለ። ገንዘቡ ግን ከየት መጣ? ከሩሲያ በርካሽ የሚገባ ድፍድፍ ነዳጅ በሞዚርና በኖቮፖሎትስክ ይጣራ፣ ከዚያ በዓለም ዋጋ ይሸጥ ነበር። ጋዙም በቅናሽ ነበር። ከሶሊጎርስክ የሚወጣው ፖታሽ፣ ማለትም ለማዳበሪያ የሚሆነው ማዕድን፣ ተጨማሪ ዶላር ያመጣ ነበር። ይህ ስምምነት ዋጋ ነበረው፤ የአገሪቱ ሕይወት በሞስኮ ቧንቧ ላይ ተንጠለጠለ።

ሌላው መሣሪያ የሥራ ኮንትራት ነው። ከ1999 በኋላ ሠራተኛው ቀስ በቀስ ቋሚነቱን አጥቶ በአጭር ጊዜ ውል እንዲቀጠር ተደረገ። ብዙ ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ውል። አሁን ይህን ከምርጫው ጋር አያይዙት። የምርጫ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ድምፅ የሚቆጥሩት መምህራን ናቸው። ሰብሳቢያቸው ብዙ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ፣ የውላቸው ፈራሚም እሱ። ከዋናው ቀን በፊት አምስት ቀን ድምፅ ይሰጣል፤ ሳጥኑ ያለ ታዛቢ ያድራል። ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ቀድመህ ምረጥ ይባላል። እንዲህ ባለ መዋቅር ማጭበርበር ትልቅ ሴራ አይፈልግም። ሥራዋን ማጣት የምትፈራ አንዲት መምህርት ትበቃለች።

የ2001፣ የ2006፣ የ2010ና የ2015 ምርጫዎች በዚህ መንገድ አለፉ። ውጤቱ ሁልጊዜ ከ75 እስከ 84 በመቶ ውስጥ ነው። በ2004 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ የሁለት ዘመን ገደቡ ተነሳ። ከ2006ቱ ምርጫ በኋላ ሉካሼንኮ ራሱ፣ እውነተኛው ውጤት ከ93 በመቶ በላይ ነበር፣ ለአውሮፓውያን ሲባል ዝቅ አስደረግኩት ብሎ በአደባባይ ተናገረ። የአንድ አገር ፕሬዝዳንት የምርጫ ቁጥር በኔ ትዕዛዝ ይለወጣል አለ፤ የጠየቀው አካል አልነበረም። በ2010ሩ ምርጫ ምሽት ደግሞ ከዘጠኝ ተቀናቃኞች ሰባቱ ታሰሩ።

2020

ኮሮና ሲመጣ ሉካሼንኮ ቮድካ፣ ሳውናና የትራክተር ሥራ እያለ አቃለለው። ሰው እየሞተ ነበር። ሕዝቡ ለሐኪሞቹ ጭምብል በራሱ እያዋጣ ገዛ። ያለ መንግሥት መደራጀት እንደሚቻል ብዙዎች ያኔ አዩ።

በዚያ ዓመት ለውድድር የተነሱት ከድሮው ተቃዋሚ አልነበሩም። ቪክቶር ባባሪኮ የባንክ ኃላፊ ነው። ቫለሪ ጼፕካሎ የቀድሞ ዲፕሎማት ነው። ሰርጌይ ቲካኖቭስኪ በዩቲዩብ የታወቀ ነው። ሁለቱ ታሰሩ፣ አንዱ ተሰደደ። የቲካኖቭስኪ ሚስት ስቬትላና በባሏ ቦታ ተመዘገበች። ሉካሼንኮ ሕገ መንግሥታችን ለሴት የተሠራ አይደለም ብሎ ናቃት፤ ስሟም በዕጩነት እንዲገባ ተፈቀደ። የባባሪኮ ቡድን መሪ ማሪያ ኮሌስኒኮቫና የጼፕካሎ ሚስት ቬሮኒካ ተቀላቀሏት። ሦስቱ ሴቶች በዋናነት የጠየቁት ይህን ነበር፦ የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ፣ እንደገና ነጻ ምርጫ ይደረግ።

ከኦገስት 9ኙ ምርጫ በኋላ ለሉካሼንኮ 80 በመቶ፣ ለቲካኖቭስካያ 10 በመቶ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ወደ 7,000 ሰው ታሰረ። ሚንስክ ውስጥ ኦክሬስቲና ከሚባለው እስር ቤት የወጡ ወጣቶች ሰውነታቸው በልዞ ታየ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ፤ የቀድሞውን ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ሰንደቅ ይዞ። ኦገስት 17 ሉካሼንኮ ወደ አንድ የከባድ መኪና ፋብሪካ ሄደ። ሠራተኛው የሱ ሰው ነው ተብሎ የሚታሰብ ነበር። «ሂድ!» እያሉ ጮሁበት። እስክትገድሉኝ ድረስ ሌላ ምርጫ አይኖርም ብሎ መለሰ። ከቀናት በኋላ ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ ከሄሊኮፕተር ሲወርድ ታየ።

ለምን አልወደቀም? የጸጥታ ኃይሉ አልተከፈለም። ፑቲን የፖሊስ ኃይል በተጠንቀቅ አቆምኩ አለ፤ 1.5 ቢሊዮን ዶላርም አበደረ። እነዚህ እውነት ናቸው። እኔ ግን ሦስተኛ ምክንያት አያለሁ። በ1996 ጎዳናው ላይ የወጣው ሰው ከ2020ው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሆኖም አይሆንም የሚል ፓርላማ፣ ፍርድ ቤት፣ የምርጫ ሰብሳቢና ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በ2020 ሕዝቡ ሞልቶ ወጣ፤ ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ውሳኔ የሚለውጥ አንድም ተቋም አላገኘም። ከመቶ ሺህ ሕዝብ ጋር አብሮ ሊቆም የሚችል አንድ አፈ ጉባኤ፣ አንድ ዳኛ አልነበረም። አበባ ይዘው የወጡትን ሴቶች ዘዴ አላወቁም፣ በሰላማዊነታቸው ተሸነፉ የሚሉ አሉ። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። የሚገፉት በር ከ24 ዓመት በፊት በግንብ ተዘግቷል።

ኮሌስኒኮቫ በሴፕቴምበር በግድ ወደ ዩክሬን ድንበር ስትወሰድ ፓስፖርቷን ቀድዳ አልወጣም አለች። 11 ዓመት ተፈረደባት። ባባሪኮ 14፣ ቲካኖቭስኪ 18 ዓመት። ቲካኖቭስካያ ከስደት ሆና ትታገላለች። የሰብዓዊ መብት ታጋዩ አሌስ ቢያሊያትስኪ በ2022 እስር ቤት ሆኖ የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት 10 ዓመት ተፈረደበት።

ሉካሼንኮ በሩሲያ ክንድ ከተረፈ በኋላ እምቢ የማለት አቅሙ ተመናመነ። ለ26 ዓመት ሞስኮንና ምዕራቡን እያፈራረቀ ሲጫወት የኖረ ሰው፣ በፌብሩዋሪ 2022 የሩሲያ ጦር ከቤላሩስ መሬት ተነስቶ ኪየቭን ሲወር ከልካይ መሆን አልቻለም። ወረራው ከተጀመረ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 27፣ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። አገሪቱ ከኑክሌር ነጻ ትሆናለች የሚለው አንቀጽ ወጣ። ለቀድሞ ፕሬዝዳንት ያለመከሰስ መብት ገባ። በ2004 የተነሳው የሁለት ዘመን ገደብም ተመለሰ።

በጃንዋሪ 2025 እንደገና ተመረጠ፤ ወደ 87 በመቶ ተባለ። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ጋር ድርድር ተጀመረ። በጁን ቲካኖቭስኪ ተፈታ። በዲሴምበር ቢያሊያትስኪ፣ ኮሌስኒኮቫና ባባሪኮ ከሌሎች ከመቶ በላይ እስረኞች ጋር ወጡ፤ ዋሽንግተን በፖታሹ ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሳች። መፈታታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የወጡት ከእስር ወደ ስደት ነው፤ ሌሎች ብዙዎች ገና እዚያው ናቸው፣ አዲስ እስርም አልቆመም። የተመለሰው የሁለት ዘመን ገደብ ደግሞ የሚቆጠረው ከአዲሱ ሕገ መንግሥት በኋላ ከሚደረግ ምርጫ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከ1994 ጀምሮ ያለፉት ስድስት ዘመናት አይቆጠሩም። የ2025ቱ አንደኛ ነው። በ2030 ለሁለተኛው ሊወዳደር ሕጉ ይፈቅድለታል።